ማንም ያልነካው ቡድን

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. አጋማሹን አልፏል። ለክረምት ኮርስ መጥቼ አዲስ አበባ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ከፍኖተ ሰላም ነው። አራት ቀን ሙሉ ስሞክረው እምቢ ያለኝ ቁጥር በራሱ ጊዜ ደወለ። ልቤ ደነገጠ። በዚያ ሰሞን ከአገር ቤት የሚመጣ ስልክ ሁሉ ያስደነግጥ ነበር።

«ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ ተመስገን። እናትህንም ትናንት አይቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው። ስማ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዴ ብሩይን ተጎዳ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለቱም ለምን እንደመጡብኝ በወቅቱ አላወቅሁም። «እውነት ነው፣ ተጎድቷል፣ ለብዙ ወር አይመለስም» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ የይለፍ ቃሉን በስልክ ፊደል በፊደል ይነግረኝ ጀመር።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ የይለፍ ቃልና እኔ በእሱ ስላደረግሁት ነገር ነው። ግን መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ደንቡን ባጭሩ ልንገር።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ በነጻ የሚገባበት ጨዋታ ነው። በምናብ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል። በዚያ ገንዘብ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፦ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይቻልም። በየሳምንቱ 11ዱን ታሰልፋለህ፤ 4ቱ ቤንች ላይ ይቀመጣሉ። ልጆቹ በእውነተኛው ሜዳ የሠሩት ላንተ ነጥብ ይሆናል፤ ካፒቴን ያደረግኸው ነጥቡ በእጥፍ ይታሰባል። በወቅቱ ደንብ በሳምንት አንድ ተጫዋች በነጻ ትቀይራለህ፤ ከዚያ በላይ ከቀየርህ ለእያንዳንዱ 4 ነጥብ ይቀነስብሃል። «ማይነስ አራት» የምንለው እሱ ነው። ስንቱን ሰው ከእንቅልፉ እንደሚያጣላው የሚያውቅ ያውቀዋል።

የእኛ ሊግ 14 ሰው ነበረው። ስምንታችን ከፍኖተ ሰላም፣ አምስቱ ከቡሬ፣ አንዱ ከመሀል ከማንኩሳ። መምህር አለ፣ ባለሱቅ አለ፣ ሚኒባስ የሚነዳ አለ፣ ከአባቱ ጋር በርበሬ የሚነግድ አለ። እያንዳንዱ 500 ብር ያዋጣል፤ ግንቦት ላይ ሲዝኑ ሲያልቅ በሰበሰብነው ብር በግ ይታረዳል፤ አሸናፊው ደግሞ ሻኛ የተሰጠው ያህል ተኮፍሶ ይቀመጣል። ቁማር ነው የሚል ካለ አልከራከርም፤ የተበላው ግን በጋራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ስንገናኝ ሰው ክለቡን ትቶ የተጫዋቹን ነጥብ ሲቆጥር ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነበር። የአርሰናል ደጋፊ የአርሰናልን ጎል ሲረግም ያየሁት እዚያ ነው።

የ2023/24 ሲዝን ሊጀምር ሲል ቡድኖቻችንን ሐምሌ ላይ ሠርተን ጨርሰን ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። የሞባይል ኢንተርኔት በዚያው ሰሞን ተቋረጠ። ነሐሴ 5፣ ዓርብ ማታ ሲዝኑ ተጀመረ፤ ማንቸስተር ሲቲ በርንሌይን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ሃላንድ ሁለት አገባ፣ ዴ ብሩይን ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው እግሩን ይዞ ወጣ። ነሐሴ 7፣ እሁድ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የውጭ ዜና ወኪሎች የሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ዘገቡ።

እነዚህን ነገሮች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ማስቀመጥ ይከብዳል። የሆኑት ግን በአንድ ሳምንት መጨረሻ ነው፤ እኔም በዚያ እሁድ በአንድ እጄ የቤት ቁጥር እየደወልሁ፣ በሌላው ስልኩ ላይ የሚመጣውን ሁሉ እያገላበጥሁ ነበር። ማታ ላይ፣ ወሬ ሲያጥረኝ፣ የሊጋችንን ሰንጠረዥ ከፈትሁ። አሥራ አራቱም ስም አለ። አሥራ አራቱም ነጥብ አግኝተዋል። ባለቤቶቻቸው የት እንዳሉ የማላውቃቸው ቡድኖች ለንደንና በርንሌይ ላይ ተጫውተው፣ ነጥባቸው ተደምሮ፣ ደረጃ ወጥቶላቸዋል።

ኢንተርኔት የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። ኮርሱ ሲያልቅ መንገዱ ስላልተመቸ መመለስ አልቻልሁም፤ ሰነበትሁ፣ ከረምሁ። በዚያ ዓመት የሠራሁት ቋሚ ሥራ ቢኖር በየሳምንቱ ያንን ሰንጠረዥ መመልከት ነው። አሥራ ሦስት ሰው ያልነካው ቡድን ሳምንት በሳምንት ምን እንደሚሆን ማንም እንዲህ ቁጭ ብሎ ያየ አይመስለኝም።

ያየሁት ይህ ነው።

አብዛኞቻችን ቡድን ስንሠራ ብሩን ወደ ፊት እናፈሰው ነበር። አጥቂ፣ አማካይ፣ ስም ያለው። ተከላካይ የምንገዛው በተረፈው ሳንቲም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎል ያስጨፍራል፣ ክሊን ሺት አያስጨፍርም። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ «ግብ አልተቆጠረበትም!» ብሎ ከወንበሩ የተነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። የነጥቡ ደንብ ግን እንዲህ አያዳላም። አጥቂ ጎል ሲያገባ 4፣ አማካይ 5፣ ተከላካይ ካገባ 6 ነው። ተከላካይ ጎል ሳይቆጠርበት ከወጣ ደግሞ ያለ ምንም ትርኢት 4 ያገኛል፤ ማለትም ከአጥቂ አንድ ጎል እኩል። በ2018/19 የሊቨርፑሉ ሮበርትሰን ከግራ ተከላካይነት 213 ነጥብ ሰብስቧል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ግን ሐምሌ ሲመጣ እንረሳዋለን።

ያልረሳው አንድ ሰው ነበር፤ የቡሬው በርበሬ ነጋዴ። ልጅ ብንለውም ሠላሳ አልፎታል። ቡድኑን ሲሠራ አጠገቡ ነበርሁና ስቄበታለሁ። ሃላንድን ገዛ፣ እሺ፤ ያን ጊዜ 14 ሚሊዮን ነበር፣ ሁሉም ገዝቶታል። ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ሹም ይመስል ነበር። ሳሊባ በ5፣ ፒክፎርድ በ4.5፣ ሳካ በ8.5፣ ዋትኪንስ በ8። ቤንቹ ላይ እንኳ በየሳምንቱ የሚሰለፉ ልጆች አስቀመጠ። እኛ ቤንቻችንን በማይጫወት፣ ርካሽ በሆነ ልጅ ሞልተን የተረፈውን ወደ ፊት ስናወጣ እሱ ለቤንች ብር አወጣ። «ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «አባቴ እንዴት እንደሚያርስ አይተሃል?» አለኝ።

አይቻለሁ። ማሳቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ሽማግሌው ግማሹን በቆሎ ያደርገዋል፤ ከቀረው ላይ ትንሽ ዳጉሳ፣ የተረፈውን በርበሬ። የቡሬ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው፤ ዋጋው በወጣበት ዓመት ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጁን የዳረ ስንቱ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉንም በርበሬ አያደርገውም? ጠይቄአቸዋለሁ። በርበሬ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ መደብ ላይ ይፈላል፣ ሐምሌ ላይ ይነቀልና ይተከላል፣ ደጋግሞ ይኮተኮታል፣ ውሃ የተኛበት ዕለት ጠውልጎ ያድራል። በየቀኑ ሄደህ ዓይንህን ካላሳረፍህበት የለም። በቆሎ ግን ዘርተኸው፣ ማዳበሪያውን ሰጥተህ፣ ሽልሻሎውን ካወጣህለት፣ ታመህ ብትተኛ እንኳ ይጠብቅሃል። «ዘንድሮ በጤና እውላለሁ ብሎ ማን ያውቃል?» ነው መልሳቸው።

ልጃቸው ቡድኑን የሠራው በዚህ ስሌት ነው። አጥቂ በርበሬ ነው፤ ጉልበቱን፣ ጉዳቱን፣ ቀጣዩን ተጋጣሚ እያየህ በየሳምንቱ ካልኮተኮትኸው ይጠወልጋል። በየጨዋታው የሚሰለፍ የጥሩ ክለብ ተከላካይ በቆሎ ነው።

እኔ በዚያ ሐምሌ ያልገባኝ ነገር፣ በተከላካይና በአጥቂ መካከል ያለው ሚዛን ለሁሉም ሰው አንድ አለመሆኑን ነው። ለንደን ያለ ሰው ዴድላይን ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩን አውጥቶ ይቀይራል፤ እሱ በርበሬ ቢያበዛ ያዋጣዋል። ነገ ኔትወርክ ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው ሚዛኑ ሌላ መሆን አለበት። ያንን የቡሬው ሰው በቃል አልተናገረውም፤ ግን ሠርቶታል።

ውጤቱ ቀስ ብሎ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእሱ ቡድን ስምንተኛ ዘጠነኛ ነበር። ዴ ብሩይንን በ10.5 የገዙት አምስቱ ወዲያው ወደቁ፤ ልጁ ሊግ ላይ የተመለሰው ጥር ላይ ነው፤ እነሱ ግን ሊያወጡት አይችሉም። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቱን የተጎዳውን የአርሰናሉን ቲምበርን የያዘም ነበር። ራሽፎርድን በ9 ሚሊዮን የያዘው ሰው ልጁ ዓመቱን ሙሉ 7 የሊግ ጎል ብቻ ሲያገባለት ዝም ብሎ ተሸከመው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሲቲ ወደ ቼልሲ የሄደው ኮል ፓልመር በ5 ሚሊዮን ተጀምሮ 22 ጎል አግብቶ የዓመቱ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ሲሆን፣ ከአሥራ አራታችን ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የቡሬው ቡድን ግን ሳምንት በሳምንት አንድ ደረጃ እየወጣ መጣ። ሳሊባ ያን ሲዝን 38ቱንም ጨዋታ አንዲት ደቂቃ ሳያጎድል ተጫወተ፤ አርሰናል 18 ጊዜ ጎል ሳይቆጠርበት ወጣ። ፒክፎርድም 38ቱንም ተሰልፎ 13 ክሊን ሺት አገኘ። ዋትኪንስ 19 አገባ። ሃላንድ ከገና በፊት ተጎድቶ ወደ ሁለት ወር ሲቀመጥ፣ ምክትል ካፒቴኑ ሳካ ስለነበር እጥፉ ወደ ሳካ ዞረ። ከአሰላለፉ አንዱ ሲጎድል ቤንች ላይ ያሉት፣ ያ እኔ የሳቅሁባቸው ልጆች፣ ራሳቸው ይገባሉ። ሰውዬው ቡሬ ውስጥ ይሁን ገጠር ወጥቶ እንኳ አላውቅም። ቡድኑ ግን በሩን እንደቆለፈ፣ ከብቶቹን ለጎረቤት እንደሰጠ ቤት ራሱን ችሎ ይኖራል።

በዚያው መስከረምና ጥቅምት ሌላ ሰው ይህንኑ ነገር በሌላ ቋንቋ አስረዳኝ። በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንድ ህንዳዊ መምህር ይኖሩ ነበር። (የአባቶቻችንን ትውልድ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ህንዶች ናቸው፤ አሁንም በየዩኒቨርሲቲው አሉ።) ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የክሪኬት ዓለም ዋንጫ እዚያው አገራቸው ይካሄድ ነበርና በረንዳ ላይ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይውላሉ። እኔ ፋንታሲ ስከፍት አይተው «አንተም?» አሉኝ። እሳቸውም የክሪኬት ፋንታሲ ተጫዋች ነበሩ።

ክሪኬት ለኛ እንግዳ ነው። የአንድ ቀኑን ዓይነት እንደገባኝ ልናገር። እያንዳንዱ ቡድን 300 ኳስ ይወረወርለታል፤ ስድስት ስድስት እየሆኑ 50 ዙር ማለት ነው። መቺው በበትር እየመታ ሩጫ ይሰበስባል፣ ወርዋሪው መቺውን ከሜዳ ለማስወጣት ይሞክራል። ዋናዋ ደንብ ይህች ናት፦ አንድ ወርዋሪ ከ10 ዙር በላይ መወርወር አይችልም። ስለዚህ ከ11 ሰው ውስጥ ቢያንስ አምስት የሚወረውር ያስፈልግሃል። ስድስተኛውን ሰው መቺ ታደርገዋለህ ወይስ ወርዋሪ? ሁለቱንም የሚችል ሰው ካገኘህ ችግሩ ይፈታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን ብርቅ ነው፣ ዋጋውም ውድ።

ህንድ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ነበራት፤ ሃርዲክ ፓንድያ። ጥቅምት ላይ ከባንግላዴሽ ጋር ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ከውድድሩ ወጣ። እሱን በአንድ ሰው መተካት ስላልተቻለ ሁለት ሰው ለወጡ፦ አንድ መቺና እስከዚያ ቤንች ላይ የተቀመጠውን ወርዋሪ ሞሃመድ ሻሚን። ሻሚ በገባበት የመጀመሪያ ጨዋታ ኒውዚላንድ ላይ አምስት ሰው አወጣ፤ በ7 ጨዋታ ብቻ 24 አውጥቶ የውድድሩ አንደኛ ሆነ። ያን ጊዜ ዓለም የሚያወራው ስለ ቪራት ኮህሊ 765 ሩጫ ነበር። መምህሩ ግን በፋንታሲያቸው ሻሚን ይዘው ቀርተዋል። በሳቸው ጨዋታ አንድ ሩጫ አንድ ነጥብ፣ አንድ ሰው ማስወጣት 25 ነጥብ ነበር።

«ስድስተኛ ቦታ ላይ ያለ መቺ ተራው ሳይደርሰው ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል» አሉኝ። «ወርዋሪ ግን የሱ ዙር የሱ ነው። ስትመርጥ ማን ጎበዝ ነው አትበል፤ መጀመሪያ ማን በእርግጠኝነት ይገኛል በል።»

ህንድ አሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ አህመዳባድ ላይ በፍጻሜው በአውስትራሊያ ተሸነፈች። ፓንድያ ከወጣ ወዲህ ከሰባተኛው ሰው በኋላ መምታት የሚችል ስላልነበራት መሐል ላይ ያሉት ፈርተው መቱ፤ 240 ላይ ቆሙ። መምህሩ ያን ቀን ከክፍላቸው አልወጡም። ወርዋሪ ስታበዛ ከመቺ ይጎድልሃል፤ እሳቸውም ያውቁት ነበር፣ ግን አንድ ሰው ሲጎድል ሚዛኑ የት እንደሚሰበር ቀድሞ የሚያይ የለም። (እግረ መንገዴን፦ ህንድ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በገንዘብ የሚጫወቱ የኢንተርኔት ጨዋታዎችን በሕግ ከልክላለች፤ ትልቁ የክሪኬት ፋንታሲ ድርጅት ድሪም ኢሌቨንም የገንዘብ ውድድሩን ዘግቷል። የኛን የቤቲንግ ቤቶች ለሚያስብ ሰው ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ሌላ ቀን።)

አሁን ወደ ይለፍ ቃሉ ልመለስ።

ከፍኖተ ሰላም የደወለልኝ ወዳጄ ቡድኑን በልጁ ስም ነበር የሰየመው። ልጅቷ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በስልክ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዴ ብሩይንን አውጣና የሚጫወት ማንንም አስገባልኝ። ሌላውን ተወው።» ያን ጊዜ ከእኔ በ20 ነጥብ ይበልጠኝ ነበር።

ገባሁ። ዴ ብሩይንን አወጣሁ። ይህ እሱ ያለው ነው። በምትኩ ራሽፎርድን አስገባሁ፤ ይህ የኔ ምርጫ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን ሊያደርገው የሚችል ነው። ከዚያ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ተከላካዮቹን አየሁ። ሳሊባ ነበረው። ሳሊባ ጎል አያገባም፣ የብራይተኑ ኤስቱፒኛን ግን ወደ ፊት ይሄዳል፣ በዚያ ሳምንት ወልቭስ ላይ አግብቷል። «ላሻሽልለት» ብዬ ሳሊባን ሸጬ ኤስቱፒኛንን ገዛሁለት።

ኤስቱፒኛን መስከረም ሳይወጣ ተጎዳ። ብራይተንም ለወራት አንድ ክሊን ሺት አላገኘም። ሳሊባ አንዲት ደቂቃ አላጎደለም።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። በገዛ እጄ የበላሸሁትን ልጠግን ስል የሱን ቡድን በየሳምንቱ ነካካሁ፤ በነካሁት ቁጥር ባሰበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት እኔን ነው። በታኅሣሥ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበር፤ ከማንም ያልተነኩ ቡድኖች ሁሉ በታች። ያኔ እጄን ሰበሰብሁ።

ለምን እንዳደረግሁት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። አንደኛው መልስ ቅን ነው፤ ሰው ካገሩ ርቆ፣ ለቤተሰቡም ለጓደኛውም ምንም ማድረግ በማይችልበት ጊዜ፣ ማድረግ የሚችላት አንዲት ነገር ስትገኝ ከልክ በላይ ያደርጋታል። ስንቅ መላክ አልችልም፣ መንገዱ ዝግ ነው፤ ተከላካይ መሸጥ ግን እችላለሁ። ሁለተኛው መልስ ቅን አይደለም። ይበልጠኝ ነበር። የትኛው እንደሆነ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም፤ ሁለቱም በአንድ ጣት ነው የተጫኑት።

«ሰው እየሞተ አንተ ስለ ኳስ ትጽፋለህ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ይበለኝ። እኔ ግን ያየሁት ተገላቢጦሹን ነው። ያን ዓመት ደውለው ያገኙኝ ሰዎች መጀመሪያ ደህንነታቸውን ነግረውኝ፣ ቀጥሎ ስለ ኳስ ጠይቀውኛል። ስለ ሁኔታው የጠየቀኝ የለም፤ ስለ ሁኔታው ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። እነሱ የሚፈልጉት ከዚያ ውጭ የሆነ ወሬ ነው፣ መስመሩ እስኪቆረጥ። ማታ ማታ ዜና የሚለጥፉ ቻናሎች ላይ አካባቢያችን ቁጥር ብቻ ነበር። የኔ ሰንጠረዥ ላይ አሥራ አራት ስም ነበር።

ሲዝኑ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. አለቀ። አሸነፍሁ። የቡሬውን ቡድን የበለጥሁት በ31 ነጥብ ነው። እኔ 38 ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔት ነበረኝ፣ ፓልመር ነበረኝ፣ ዋይልድካርዶቼን ተጠቅሜአለሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ማይነስ አራት ወስጃለሁ። እሱ ሐምሌ ላይ ከሠራው በኋላ አንዴም አልከፈተውም። በጉ እስከ ዛሬ አልታረደም።

ኢንተርኔት ወደ ከተሞቹ ቀስ በቀስ ሲመለስ የቡሬው ሰው ደወለልኝ። ደረጃውን ነገርሁት። «ሁለተኛ? ማን ነካልኝ?» አለ። «ማንም» አልኩት። ሳቀ። አባቱ ያን ዓመት በርበሬውን ጭርሱን እንዳልተከሉት፣ ማሳውን በሙሉ በቆሎ እንዳደረጉት ነገረኝ። «እንደሱም ያስኬዳል?» ብለው ሲጠይቁት ልጁ «ዘንድሮ ያስኬዳል» እንዳላቸው፣ ለወትሮው ግን ሁሉን በቆሎ ማድረግ ሞኝነት እንደሆነ፣ ጨው የሚገዛው በርበሬው እንደሆነ አጫወተኝ። እሱም ለቀጣዩ ሲዝን ሦስት ውድ አጥቂ ሊገዛ እያሰበ ነበር። ኔትወርክ አለ ማለት ነው።

ከ2025/26 ጀምሮ ደንቡ ትንሽ ተለውጧል። ተከላካይ በአንድ ጨዋታ አሥር ጊዜ ኳስ ካጨናገፈ፣ ካገደ፣ ከነጠቀ ጎል ቢቆጠርበትም 2 ነጥብ ያገኛል። የቡሬው ሰው «አባቴ የጻፈው ደንብ ነው» ብሎ ላከልኝ።

ይህ ጨዋታ አንድ ጠባይ አለው። ቡድንህ ከዓመት ወደ ዓመት አይተላለፍም፤ በየነሐሴው እንደ አዲስ መመዝገብ አለብህ። ያልተመዘገበ ሰው ስሙ ሰንጠረዡ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ ዴድላይኑ እስኪደርስ ዝርዝሩን ደጋግሜ ከፍቼ ነበር። ዘጠኝ ስም ሆነ። ከቀሩት አምስት አንዱ ውጭ አገር እንደሄደ አውቃለሁ፣ ሌላው ስልኩ ጠፍቶበት በሌላ ስም ይገባል ብለውኛል። ስለ ሁለቱ የጠየቅሁት ሰው የለም፤ የነገረኝም የለም። እነሱ ያልነኩት የ2023/24 ቡድናቸው የት እንደሚገኝ አላውቅም፤ እኔ ግን ማን ማን እንደነበራቸው በቃሌ እይዘዋለሁ።

አምስተኛው የፍኖተ ሰላሙ ወዳጄ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፣ አልተመዘገበም። ሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ዴድላይኑ ካለፈ በኋላ ዝርዝሩን ስከፍት አሥረኛ ስም አለ፤ የልጅቷ ስም። ዘግይቶ በመግባቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ነጥብ አጥቷል፣ ከሁላችንም በታች ነው። ቡድኑን ከፈትሁት። አምስት ተከላካይ አሰልፏል። ሳሊባ አለ።

ያን ዓመት ቡድኑን ማን እንደበላሸው እስካሁን አልነገርሁትም። ይህን ቻናል ይከታተላል።